የቁልፍ ለቅሶ፦ ከሶዶ ሃላሌ፣ ደርሶ መልስ

ቁልፌን ቀሙኝ። በደሉ ይኸው ነው፤ ማሳመሪያ አያስፈልገውም።

ሶዶ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለውን ወፍጮ ቤት ስከፍትም ስዘጋም የኖርኩት እኔ ነኝ። ቁልፉ በሲባጎ ታስሮ አንገቴ ላይ ይውላል፤ ስተኛም አላወልቀውም። በጥቅምት፣ በቆሎ ከየማሳው እንደ ጎርፍ በሚወርድበት ወር፣ የወፍጮው ባለቤት ወይዘሮ ማርታ በተሰለፉት ሴቶች ፊት እጇን ዘረጋችና «አውልቀው» አለችኝ። አወለቅኩ። ለታደሰ ሰጠችው። ታደሰ እስከዚያ ቀን ጆንያ ከማንሳትና ዱቄት ከመጥረግ በቀር ሌላ ሥራ ያልነበረው ጎልማሳ ነው።

«ምን አጠፋሁ?» አልኳት።

«ምንም አላጠፋህም። ፊትህን አይተኸዋል?»

«ወፍጮ ቤት ውስጥ መስታወት የለም።»

«ሴቶቹ ፈርተውሃል። እህላቸውን ተሸክመው ወደ ማዶው ወፍጮ እየሄዱ ነው። ሂድና ረፍ። ፊትህ ሲመለስ ተመለስ።»

ነገሩ የመጣው እርጥብ በቆሎ ይዛ በመጣች በአንዲት የመጋቢ ሚስት ላይ ስለጮህኩ ነው። ዛሬም ቃሌን አላጥፍም፤ እርጥብ በቆሎ ድንጋዩ ላይ እንደ ሙጫ ይለጠፋል። ደግሞስ ያልጮኸ ሰው ወፍጮ ቤት ውስጥ ማን ይሰማዋል? ከጊፋታ በዓል በፊት ጀምሬ ጎህ ሳይቀድ ከፍቼ ከጨለመ ነው የምዘጋው። ምሳዬን ቆሜ እበላለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የወፍጮውን ድንጋይ በመዶሻ እወቅራለሁ። ይህ ጥፋት ከሆነ በሬ ሁሉ ወንጀለኛ ነው።

ስለዚህ መሄዴ ለዕረፍት አልነበረም። እህቴ አማረች ከሃላሌ ማዶ ባለ ቀበሌ ትኖራለች። ባሏ ዳልኬ ለማርታ ሟች ባል የአጎት ልጅ ነው። ማርታ ከሰው ሁሉ እሱን ታፍረዋለች። እሱን በሽማግሌነት ይዤ ልመለስና ቁልፌን በሰው ፊት እንደተቀበለችኝ በሰው ፊት ላስመልስ ነበር ሐሳቤ።

ይህን የምጽፈው ተራ ሲጠብቁ «ከገሱባ ወዲያ ምን አለ?» እያሉ ለሚያደርቁኝ ነው። ፊደል የለየሁት ጢም ካበቀልኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ያየሁትን እንጂ ያማረውን መጻፍ አላውቅበትም።

ሰኞ

ጠዋት መናኸሪያ ስገባ ወፍጮዬ ከአጥሩ ጀርባ ይጮሃል። ታደሰ እህሉን አብዝቶ ይለቃል፤ ሞተሩ ሲያቃስት ይሰማኛል። ልመለስና ልንገረው አልኩ። ከዚያ ተውኩት። ይቃጠልበት።

የገሱባ መኪና አይሱዙ ነበር። ከሾፌሩ ጎን ጋቢና ልቀመጥ ከረዳቱ ጋር ተስማምቼ ነበር፤ አቃፊ የያዘ የወረዳ ሰው መጣና ቦታዬን ወሰደ። እኔ ከኋላ፣ ጆንያ ላይ። አጠገቤ የነበረች ሴት ሳትጠይቀኝ ዶሮዋን ጭኔ ላይ አስቀመጠች። ሶዶ ቢሆን ቢያንስ «ይቅርታ» ይላሉ፤ ከዚያ ነው የሚያስቀምጡት። እሷ ግን ኋላ ሸንኮራ አገዳ ሰብራ ግማሹን ሰጠችኝ፤ እሱንም ሳትጠይቀኝ።

ጭቃ ላይ ስንደርስ ሁላችን ወርደን ገፋን። የወረዳው ሰው አልወረደም፤ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያበረታታን ነበር።

«አይዟችሁ! ይህ መንገድ እኮ በዕቅድ ተይዟል!»

«እሱንስ አየነው» አልኩት፣ «ዕቅዱ ውስጥ እስከ ጉልበታችን ገብተናል።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ለማሳቅ አልነበረም የተናገርኩት።

ገሱባ ሲደረስ መጀመሪያ የሚጎድል ነገር ዳሞታ ነው። ሶዶ ውስጥ ሰው ቀና ካለ ተራራው ከኋላው ቆሟል። ገሱባ ላይ ቀና ብል ሰማይ ብቻ። ሁለተኛው የሚጎድለው ድምፅ ነው። ጸጥታው ጆሮዬን አሳከከኝ። ቀስ ብዬ ብሄድ የከተማዋን ወፍጮ አገኘሁት፤ በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ድንጋዩ ከተወቀረ ቆይቷል፤ ዱቄቱ ሲወጣ ትኩስ ነው፣ ዱቄት ደግሞ ከተቃጠለ ቂጣው ይመርራል። ይህንኑ ለወፍጮኛው ጮክ ብዬ ነገርኩት።

ሰውዬው ከላይ እስከ ታች አየኝና ሞተሩን ቀነሰልኝ። «አባቴ፣ ከየት ነው የመጡት?»

«ከሶዶ።»

«ለዚህ?»

ፊቴን አዙሬ ሄድኩ።

ያደርኩት ወይዘሮ ብርቄ ዘንድ ነው። ከፊት ምግብ ቤት፣ ከጓሮ አልጋ ያላት ሴት ናት። ቁርጥ አዘዝኩ። የሶዶ ሰው ስለ ሥጋ ከማንም ምክር አይቀበልም፤ ይሄ የታወቀ ነው። ሥጋው ግን እንደ ወረቀት ሆነብኝ። ከጎኑ የቀረበውን ዳጣ በቂጣ ዝቄ ብወስድ አፌን አቃጥሎ ዓይኔን አስለቀሰኝ እንጂ ጣዕም አልነበረውም። ብርቄ ከሩቅ ታየኛለች።

«ምነው ጋሼ፣ ምግቡ አልጣመዎትም?»

«በሬው ያረጀ ነው።»

«ዛሬ ጠዋት የታረደ ወይፈን ነው እኮ!»

«እንግዲያው ወጣትነቱን አላወቀበትም።»

ሌላ ሴት ብትሆን ትቀየም ነበር። ብርቄ ግን ሳፋ ሙሉ ለብ ያለ ውኃ በጨው አመጣችና እግሬ ሥር አስቀመጠች። «መንገደኛ እግሩን ካላሳረፈ አፉ አይቀምስም» አለች። እግሬን ነከርኩ። እጄ በራሱ ወደ ደረቴ ሄዶ ቁልፉን ፈለገ። የለም። መታ መታ አደረግኩት። የለም።

ይህቺን የእጄን ነገር ልብ በሉልኝ። ኋላ ጣጣ አመጣችብኝ።

ማክሰኞ

ከገሱባ ወደ ሃላሌ የሚሄድ መኪና እንደማይገኝ ስለነገሩኝ በቅሎ ተከራየሁ፤ ባለቤቷም አብሮኝ በእግሩ ሄደ። ቀጠሮ ስላልነበረኝ መቸኮል አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ቸኮልኩ። በልማዴ። አቀበቱ መሃል ላይ በቅሎዋ ቀጥ አለች። መታኋት። ጆሮዋን አዙራ አየችኝና ተኛች፤ እኔም ከነኮርቻው ወደ ጎን ተንከባለልኩ።

«ደክሟታል» አለ ባለቤቷ።

«አልደከማትም። አሞላቀቅካት።»

«ጋሼ፣ በቅሎ ናት እኮ። ሲደክማት ታውቃለች። ዕውቀቷ እሷ ብቻ ናት።»

በቅሎዋን አሞገሳት ወይስ እኔን ሰደበኝ እያልኩ እስከ ሃላሌ አሰብኩበት። ለማንኛውም እሷ ስትነሳ ተነሳን። ሰውዬው ከስልቻው የተቀቀለ ስኳር ድንች አውጥቶ ለሦስት አካፈለው፤ ለእኔ፣ ለራሱ፣ ለበቅሎዋ። የበቅሎዋ ድርሻ ከእኔ ይበልጥ ነበር። ፍትሕ ከሶዶ እንደወጣሁ ነው የጠፋው።

ሃላሌ ስደርስ ከሰዓት ሆኗል። ከሶዶ ጋር አታስተያዩአት፤ ሶዶን አንስቶ እዚያ የሚያስቀምጥ ሰው የሶዶን አንድ ሠፈር ብቻ ይዞ ይምጣ። ግን አየሯ ቀላል ነው፣ ሰውም የማያውቀውን ሰው ቆሞ ሰላም ይላል። «ሳሮ! ሳሮ!» ይላሉ ከየአጥሩ። ሶዶ ውስጥ ይህን ያህል ሰላም የሚል ሰው የምርጫ ድምፅ እየለመነ ነው ይባላል።

ከከተማዋ ማዶ፣ እንሰት ከከበበው ከእህቴ ደጅ ስደርስ ቤት ሰው የለም። ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ በነበርኩበት ሁኔታ አስቡኝ። ጢሜ ሳምንት አልተላጨም። ጸጉሬ ውስጥ የገባው ዱቄት ታጥቦም አይለቅም፤ አመድ የነሰነሱብኝ ይመስላል። በቅሎዋ ከጣለችኝ ወዲህ ልብሴ ጭቃ ነው። ቁልቁል እያየሁ፣ እጄ ደረቴን መታ መታ ያደርጋል።

አንዲት ጎረቤት በአጥር አጮልቃ አየችኝ። «ሳሮ» አለችኝ። ደክሞኝ ስለነበር መልስ አልሰጠሁም። ደግማ አላለችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ሮጠች።

ሳይጠራ፣ ሳይልክ፣ ከከተማ ድንገት የመጣ ዘመድ ደጅ ላይ ዝም ብሎ ደረቱን እየመታ ከተቀመጠ፣ በእኛ አገር አንድ ነገር ብቻ ነው። መርዶ ይዟል። መርዶ የያዘ ሰው ደግሞ ቀድሞ አይናገርም።

እህቴን ያየኋት ከታች ከማሳው እየጮኸች ስትመጣ ነው። ከኋላዋ ሴቶች፣ ከሴቶቹ ኋላ ወንዶች።

«ታ ኢሻው! ወንድሜ! ማን ነው? እናታችን ናት?»

እናታችን ቦዲቲ ናት፤ ከሁላችንም ትሻላለች። ይህን መናገር ነበረብኝ። ግን አፌን ሳልከፍት እጄ ቀድሞ ደረቴን መታ። ይህንን ሲያዩ ግቢው በለቅሶ ተናጋ። እህቴ መሬት ላይ ወደቀች። ያቺ «ሳሮ» ያለችኝ ጎረቤት እናቴን ሳታውቃት ከሁሉም በላይ አለቀሰች፤ በለቅሶ ስጦታ አላት።

«ኧረ ማንም አልሞተም!» አልኩ በመጨረሻ። በወፍጮ ቤት ድምፄ ነው ያልኩት። በአጥሩ ላይ የነበሩት ዶሮዎች ወረዱ።

አማረች ከመሬት ቀና አለች። «እናታችን?»

«ጤነኛ ናት። ቦዲቲ ተቀምጣ ሰው እየሰደበች ነው።»

«ልጆች?»

«ደህና።»

«እንግዲያ ይህ ፊት የማን ነው?»

ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሁሉ እኔን ያዩ ጀመር። እዚያ ቀበሌ ትልቅ ሰው የሚባሉት አቶ ሻንቆ ከዘራቸውን ይዘው ቀረቡና ጎንበስ ብለው ፊቴን መረመሩት። በሬ የሚገዙ ነበር የመሰለኝ።

«ታዲያ ምን ሞተብህ?» አሉ።

«ምንም። ቁልፌን ቀሙኝ።»

«የምን ቁልፍ?»

ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ ከእርጥቡ በቆሎ ጀምሬ። ማንም አላቋረጠኝም። ስጨርስ አቶ ሻንቆ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ለቅሶው ቀርቷል» አሉ። ከየቤቱ የሚወጣውን ጭስ አይተው «የለም፣ አልቀረም» አሉ። «ሰዉ መጥቷል። እህል በየቤቱ እሳት ላይ ተጥዷል። የተጣደ የለቅሶ እህል አይወርድም። እንግዲህ ለቁልፉ እንቀመጥ።»

ረቡዕ

ለቁልፉ ተቀመጡ። ቀልድ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፤ በእውነት ተቀመጡ።

ለቅሶ ላይ ያለ ሰው በዚያ አገር ውኃ አይቀዳም፣ እንጨት አይፈልጥም፣ ማሳ አይወርድም። ጎረቤት ያበላዋል፤ ከጎኑ ሰው አይጠፋም። ጠዋት ተነስቼ የዳልኬን የላላ የበር ማጠፊያ ላጠብቅ ብል መዶሻውን ከእጄ ወሰዱት። «ለቅሶ ላይ ነህ።» ከብት ላሠማራ ብል «ለቅሶ ላይ ነህ።» ሴቶቹ ቆጮ፣ ጎደሬ፣ ከሃላኮ፣ ማለትም ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተሠራ የበቆሎ ፎሰሴ እያመጡ ፊቴ ደረደሩት። የቡና ቅጠል በዝንጅብልና በሚጥሚጣ ተፈልቶ መጣ። ወንዶቹ እየገቡ «እግዜር ያጽናህ፤ ምን ዓይነት ቁልፍ ነበር?» ይሉኛል።

«የጓጉንቸር ቁልፍ ነው። ትልቁ።»

«ወይ ጉድ። ገና ሳይዝግ ነው?»

«ገና ሳይዝግ።»

«አይ! በአጭር ተቀጨ።»

ከንፈራቸውን ይመጣሉ፤ ሲወጡ አጥሩ ጥግ ቆመው ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ አያቸዋለሁ። ሶዶ ውስጥ ሰው ይህን ቢያደርግብኝ ክስ እመሠርት ነበር።

ከሰዓት ዳልኬን ለብቻ አገኘሁትና የመጣሁበትን ነገርኩት። ዳልኬ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። አገዳውን እያኘከ ሰማኝ።

«ማርታን ታውቃታለህ» አልኩት። «አንተ ከመጣህ እምቢ አትልም። ነገ እንሂድ።»

«አልሄድም።»

«ለምን?»

«ሽማግሌ የሚሄደው የሚሟገትበት ነገር ሲኖረው ነው። አንተን ይዤ ብገባ ማርታ አንድ ጊዜ ታይሃለች፤ ከዚያ ‹ያልኩት ይህንን ነው› ትለኛለች። ምን እመልሳለሁ?»

«አማቼ ነህ!»

«አማችህ ስለሆንኩ ነው።» አገዳውን ተፋ። «ሽማግሌህ ፊትህ ነው። እሱን ይዘህ ሂድ። ሳይመለስ ግን እንዳትሄድ።»

ሁለቱም አንድ ቃል መናገራቸው ነው ያናደደኝ። ማርታና ዳልኬ ተጻጽፈው እንደሆነ ብዬ ጠረጠርኩ።

ሐሙስ

ለቅሶው በጠዋቱ ተነሳ፤ ቁልፍ ብዙ አያስቀምጥም አሉ። የአቶ ሻንቆ ማሳ የሚቆፈርበት የደቦ ቀን ነበር። እኔም ልሂድ አልኩ፤ የከተማ ሰው ሥራ አያውቅም እንዳይሉ።

በዚያ አገር ሲቆፈር ወንዶቹ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። ባለ ሁለት ጣት መቆፈሪያው እኩል ይነሳል፣ እኩል ይወርዳል፣ አፈሩ እኩል ይገለበጣል። አንዱ ያዜማል፣ ሌላው ይቀበላል። የኔ ቦታ በዳልኬና በአንድ ዘፈን በሚወድ ጎረምሳ መካከል ነበር። ዘፈኑ ዘገየብኝ። እየዘፈኑ መሥራት ጊዜ ማባከን ነው ብዬ ቀደምኩ። ላሳያቸው አልኩ። የሶዶ ሰው ክንድ ምን እንደሆነ ይዩ። ቆፈርኩ፣ ቆፈርኩ። ዞሬ ባይ መስመሩ ከኋላዬ ርቆ ቀርቷል፤ ዘፈኑ ቆሟል፤ ሁሉም መቆፈሪያቸውን ተደግፈው ያዩኛል።

ሊያመሰግኑኝ ነው ብዬ ላቤን ጠረግኩ።

አቶ ሻንቆ መጥተው መቆፈሪያውን ከእጄ ወሰዱት።

ሁለተኛ ቀሙኝ! እዚህም!

«ምን አጠፋሁ?» አልኩ። ቃሉን አፌ ለምዶታል።

«መስመር ሰበርክ።»

«ከሁሉም በላይ ቆፈርኩ እኮ!»

«ለዚህ ነው። ቀድሞ የወጣ፣ ሌላው እስኪደርስበት ከዛፉ ሥር ይቀመጣል። ሕጋችን ነው።»

«የሰነፎች ሕግ ነው።»

አልተቆጡም። ከዘራቸውን ወደቆፈርኩት አዙረው አሳዩኝ። «ያንን እይ። መጀመሪያ ላይ ጥልቅ ነው። መሃሉ ላይ ተንሳፈፈ። እዚህ ጋ አፈሩን ቧጭረኸው ነው ያለፍከው፤ እንደገና ይቆፈራል። ዓይንህ አላየም፤ ክንድህ ደክሞ ነበር፣ አንተ ግን ሄድክ። ቀዳሚ ሲኖር ደግሞ ኋለኛው ልድረስ እያለ ይሞታል። የሚዘፈነው ለደስታ መሰለህ? ዘፈን እያዜመ መተንፈስ ያቃተው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ያን ጊዜ እናሳርፈዋለን። አንተ ከመጀመሪያውም አልዘፈንክም፤ በምን እንወቅህ?»

መልስ ነበረኝ። ብዙ መልስ ነበረኝ። ዛፉ ሥር ሄጄ መልሱን እያሰናዳሁ ተቀመጥኩ። ዘፈኑ እንደገና ተጀመረ፤ ከሩቅ ሲሰማ እንደ ወፍጮ ወጥ ነው፣ ግን አያቃጭልም። መልሴ የቱ ጋ እንደደረሰ አላውቅም። ተኛሁ።

እንቅልፍ ስል ወፍጮው በጆሮዬ ሳይጮህ የተኛሁትን እንቅልፍ ነው። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ።

ስነቃ ደረቴ ላይ የሚከብድ ነገር አለ። እጄ በልማዱ ሄደና ያዘው። በገመድ ታስሮ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለ ትልቅ የበቆሎ ራስ ነበር፤ ቅርፊቱ ወደ ኋላ ተጎንጉኖ፣ እንደ ቁልፍ ጥርስ እንዲሆን ፍሬው በጎን በኩል ተፈልፍሎ። ቆፋሪዎቹ ሁሉ በመስመራቸው ጎንበስ ብለው ምንም እንዳላዩ መሬት መሬት ያያሉ። ዘፋኙ ጎረምሳ ብቻ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ደረቅ ነው» አለ ዳልኬ ቀና ሳይል። «አየነው። ድንጋይ ላይ አይለጠፍም።»

ሳቅኩ። መጀመሪያ በአፍንጫዬ፣ ከዚያ በሆዴ፣ ከዚያ መቀመጥ እስኪያቅተኝ። ምሳ ይዛ የመጣችው እህቴ ምግቡን አስቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። በሐሰቱ መርዶ ቀን ያልጨረሰችውን ነው ያለቀሰችው።

«አሁን መጣህ» አለችኝ። «ማክሰኞ የመጣው ሌላ ሰው ነበር።»

ከምሳ በኋላ መቆፈሪያዬን መለሱልኝ። ዘፈኑን አላውቀውም፤ ሲቀበሉ አብሬ ጮህኩ። ድምፄ ትልቅ ስለሆነ ወደዱት።

ዓርብና ቅዳሜ

ዓርብ ዝናብ ዘነበ፤ ቤት ዋልኩ፤ ሙቹዋ የሚሉትን የእንሰት ምግብ በቅቤ በላሁ፤ ጣዕሙን አገኘሁት። ቅዳሜ ከአማረች ጋር ወደ ሃላሌ ወረድን። ከከፍታው ላይ ሆኖ የኦሞ ወንዝ ይታያል ይላሉ። ጭጋግ ነበር። አላየሁም፤ አየሁ ብዬም አልዋሽም። ጫማዬ በመንገድ ስለተገነጠለ አንድ ሊስትሮ በኤሌክትሪክ ሽቦ ሰፋልኝ፤ እስከ ዛሬ አልለቀቀም፤ የሶዶዎቹ ይህን ይስሙ። ወፍጮ ቤት አጠገብ አለፍን። ድምፁን ሰማሁት። አልገባሁም። እህቴ ክንዴን ይዛ ነበር፤ ሳትይዘኝም የምገባ አይመስለኝም።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን። ስብከቱ በወላይትኛ ነው፤ ሶዶ ውስጥ በአማርኛ የምሰማውን ያህል ረጅም አልመሰለኝም። የድንጋዩን ነገር ሳላስብ እስከ መጨረሻው ያዳመጥኩት የዚህን ዓመት የመጀመሪያ ስብከት ነው።

ሰኞና ማክሰኞ

ምንም አልሠራሁም። ምንም ያልሠሩበትን ቀን መጻፍ ከባድ ነው፤ የማታ ትምህርት ላይ አላስተማሩንም።

ረቡዕ

ጠዋት ዳልኬ ፊቴን በብርሃን አይቶ «ይሆናል» አለ። ይኼው ነው የሽምግልና ቃሉ። አማረች ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ያቺ ለቅሶ አዋቂ ጎረቤቷ ስሰናበት እንደገና አለቀሰች። የበቆሎ ቁልፌን አንገቴ ላይ አድርጌ ወጣሁ፤ በጉዞ ላይ የሚሰረቅ ነገር አይደለም።

የተከራየኋት ለገበያ ሃላሌ መጥታ የነበረችውን ያቺኑ በቅሎ ነው። በመልሱ መንገድ አቀበት ላይ ስንደርስ እሷ ሳትቆምብኝ ወረድኩና አብሬያት በእግሬ ወጣሁ። ባለቤቷ ምንም አላለም። እሱም ጨዋ ሰው ነው።

ገሱባ ብርቄ ዘንድ ስደርስ ረቡዕ ስለሆነ ሥጋ የለም፤ እሷ ጾመኛ ናት። ለእኔ ለጴንጤው ልትሠራልኝ ፈለገች፤ ያለውን አምጪ አልኳት። ሽሮ ከዳጣ ጋር አመጣች። የነጭ ሽንኩርቱ፣ የዝንጅብሉ፣ የቃሪያው ጣዕም አንድ በአንድ አፌ ውስጥ ገባ።

«ዳጣውን ለወጥሽው?»

«ያው ነው። ባለፈው ሳታኝክ ነበር የዋጥከው፣ አንተ ሰውዬ።» ከዚያ ደረቴን አየች። «ይኼስ ምንድነው? ታቦት ነው?»

ነገርኳት። ምድጃው ጋ ሄዳ እስከምትመለስ ስትስቅ ይሰማኝ ነበር። የሳፋውን ውኃ ሳልጠይቅ አመጣችው።

ሐሙስ

ሶዶ ስንደርስ ዳሞታ ቦታው ላይ ነበር። ከመናኸሪያ ቤቴ አልሄድኩም፤ ወፍጮ ቤት ገባሁ።

ሰልፉ እስከ መንገዱ ወጥቷል። ታደሰ በሩ ላይ ቆሟል። ዓይኑ ገብቷል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ ጸጉሩ ዱቄት ነው። አንዲት ሴት ላይ ይጮሃል፦ «እርጥብ ነው አልኩ! ውሰጂ! ለምን አትሰሚኝም!» እየጮኸ እጁ ወደ ደረቱ ይሄዳል፤ ቁልፉን መታ መታ ያደርጋል።

ቆሜ አየሁት። ወፍጮ ቤት ውስጥ መስታወት የለም ብያለሁ። ነበረ።

መንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ለማርታ፣ በሰዉ ፊት። ቀረ። ወደ ታደሰ ሄድኩና ቁልፉን ከአንገቱ አወለቅኩ። በምትኩ የበቆሎውን ራስ አጠለቅኩለት።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ታደሰ። ሊያለቅስ ደርሷል።

«ምንም። ቀድመህ ወጣህ። እዚያ ጆንያው ላይ ተቀመጥ።»

«ሰልፉ—»

«ሰልፉ ትናንትም ነበር፣ ነገም አለ። ተቀመጥ ብያለሁ።»

ተቀመጠ። ሴቶቹ የበቆሎውን ቁልፍ አይተው ሳቁ፤ እኔም ከእነሱ ጋር። ለሴትዮዋ እርጥቡን በቆሎ ከደጅ ሰሌን ላይ እንድታሰጣው ቦታ አሳየኋት። እርጥብ በቆሎ አሁንም አልፈጭም፤ ይህን ማንም አያስለውጠኝም።

ማርታ ጫጫታውን ሰምታ መጣች። ፊቴን አየችው። ደጋግማ አየችው።

«መጣህ» አለች።

«መጣሁ። ግን ቁልፉ ወደ አንገቴ አይመለስም።» ከበሩ መቃን ላይ ሚስማር መታሁና አንጠለጠልኩት። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነው የሚውለው። ጠዋት ከእኔና ከታደሰ አንዳችን እንፈጫለን፣ ከሰዓት ሌላችን። ምሳ ሰዓት ይዘጋል፤ ተቀምጠን እንበላለን። እሑድ ድንጋዩም ያርፋል። የሚፈጨውም እያፏጨ ወይም እየዘፈነ ይፈጫል፤ ዝም ካለ ሌላው አስነስቶ ይተካዋል።»

«ምን ልትዘፍን ነው ደግሞ አንተ?»

«የቁፋሮ ዘፈን። ግማሹን ነው የማውቀው።»

ማርታ ወደ ሰልፉ ዞረች። አንዲት አሮጊት ከኋላ ጮኹ፦ «ይዝፈንልን! ጩኸቱን ስንሰማ ኖረን የለ!»

«እሺ» አለች ማርታ።

ይቅርታ አልጠየቀችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። የበቆሎውን ራስ ከቁልፉ ጎን ሰቀልነው፤ አይጥ በልታ ጨረሰችው፤ ሚስማሩና ቁልፉ ግን አሉ። ታደሰ ከኔ የተሻለ ያፏጫል፤ ይህን ሲሰማ እንዳይኮራ።

ጉዳዩ ያለቀው ሐሙስ፣ ኅዳር 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው።